ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ቀን የመምህሩ የዓመት ፈቃድ ሆኖ ይቆጠራል?

ጥያቄ፦ «አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ቋንቋ ትምህርት ቤት የትምህርት አስተባባሪ ነኝ። የውጭ አገር ዜጎች የሆኑ ሁለት የእንግሊዝኛ መምህራን ነበሩን። አንደኛዋ ከመስከረም 1 ቀን 2017 ጀምሮ ከእኛ ጋር ናት። ከታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ጀምሮ 16 ቀን ፈቃድ ወስዳ በዓሉን አገሯ ከቤተሰቧ ጋር ማሳለፍ ትፈልጋለች። ባለቤቱ ‹በጳጉሜም በበዓላትም ስንዘጋ አርፋለች፣ ፈቃዷ አልቋል› አሉ። ሁለተኛው የ10 ወር ውል ነበረው። 8 ወር ሠርቶ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ጥቅምት 30 ቀን ለቀቀ። ‹ዓመት ስላልሞላህ ፈቃድ የለህም› ተባለ። ደመወዙ በወር 39,000 ብር ነበር። ሁለቱም የሚወቅሱኝ እኔን ነው። ሕጉ ምን ይላል? ለወደፊቱስ ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ለመምህርቷም ሆነ ለለቀቀው መምህር የተሰጠው መልስ ሕጉን የተከተለ አይደለም። መምህርቷም ብትሆን «ቀኑ የእኔ ስለሆነ በፈለግሁት ጊዜ እወጣለሁ» ካለች ተሳስታለች። የቀኑ ብዛት የሠራተኛው መብት ነው። መቼ እንደሚወጣ የሚወሰነው ግን በፈቃድ ፕሮግራም ሲሆን ፕሮግራሙን የሚያወጣው አሠሪው ነው። በቋንቋ ትምህርት ቤቶች በፈቃድ ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ አብዛኛው እነዚህ ሁለቱ ሲደባለቁ የሚመጣ ነው። ባለቤቱ ጊዜውን የመወሰን ሥልጣኑን ይዞ ቀኑን ይነካል፤ መምህሩ ደግሞ የቀን መብቱን ይዞ ጊዜውን ብቻውን ሊወስን ይሞክራል።

የሚገዛችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ሠራተኛው የውጭ ዜጋ ሲሆን የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የዓመት ፈቃዱ ግን በፓስፖርቱ ምክንያት አይቀንስም። አዋጁ የማይመለከታቸው ሰዎች አሉ። አንዱ የሥራ መሪ ነው፤ ስለዚህ የመቅጠር፣ የማሰናበትና የማዘዋወር ሥልጣን ያለው ዳይሬክተር ጉዳዩ በሌላ ሕግ ይታያል። ሌላው በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት በዋጋ ተስማምቶ የሚሠራ ባለሙያ ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ይህችን ቀዳዳ አይተው የመምህሩን ውል «የማማከር አገልግሎት ውል» ይሉታል። የክፍል ፕሮግራሙን ትምህርት ቤቱ ካወጣ፣ መጽሐፉን ትምህርት ቤቱ ከመረጠ፣ መምህሩ ፊርማ ላይ ፈርሞ የሚገባና የሚወጣ ከሆነና አስተባባሪው ክፍል ገብቶ የሚገመግመው ከሆነ፣ የውሉ ርዕስ ምንም ቢል ግንኙነቱ የአሠሪና የሠራተኛ ነው።

አሁን ወደ ቀኑ። አንቀጽ 77 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ከ16 የሥራ ቀናት ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ በየተጨማሪ ሁለት ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን የሚጨመርበት፣ ደመወዝ የሚከፈልበትና ያልተቆራረጠ ፈቃድ ይሰጣል። ሦስት ዓመት ያገለገለ 17፣ አምስት ዓመት ያገለገለ 18 ቀን አለው ማለት ነው። ይህ ዝቅተኛው ነው፤ ውሉ ወይም የኅብረት ስምምነት ከዚያ በላይ መስጠት ይችላል፣ ከዚያ በታች ግን አይችልም። የውጭ መምህራን ውል ላይ አንዳንዴ «የዓመት ፈቃድ ያለ ክፍያ ነው» ወይም «መምህሩ ፈቃድ እንደማይጠይቅ ተስማምቷል» የሚል ሐረግ ይገባል። በአንቀጽ 76 መሠረት ሠራተኛው የዓመት ፈቃድ መብቱን በማናቸውም መንገድ ለመተው የሚገባው ስምምነት ዋጋ የለውም። ፈርሞበትም ቢሆን አያስረውም።

ከላይ ያሉትን «የሥራ ቀናት» እና «ያልተቆራረጠ» የሚሉትን ሁለት ነገሮች አጥብቃችሁ ያዙ። የባለቤቱን ክርክር የሚጥሉት እነሱ ናቸው።

ትምህርት ቤቱ የተዘጋባቸውን ቀናት ለይታችሁ ተመልከቱ። የመጀመሪያዎቹ የሕዝብ በዓላት ናቸው፦ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ዓድዋ፣ ስቅለት፣ ፋሲካ፣ የሠራተኞች ቀን፣ ዒድና የመሳሰሉት። እነዚህ ከመጀመሪያውም የሥራ ቀን ስላልሆኑ ከፈቃድ ላይ ሊቀነሱ አይችሉም፤ የወር ደመወዝተኛም ሥራ ስላልተሠራ ደመወዙ አይቀነስበትም። ክርክር የሚነሳው በሁለተኛው ዓይነት ላይ ነው። አንዱ ኮርስ አልቆ ሌላው እስኪመዘገብ፣ በጳጉሜ፣ ወይም በገናና በጥምቀት መካከል ተማሪ ስለሚሳሳ ትምህርት ቤቱ በራሱ ውሳኔ የሚዘጋባቸው ቀናት ናቸው። በእነዚህ ቀናት መምህሯ ለመሥራት ዝግጁ ነበረች፤ ሥራ ያልተሰጣት በእሷ ምክንያት አይደለም። አንቀጽ 54 ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ በእሱ ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙን የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ስለዚህ የዚያ ሳምንት ደመወዝ የተከፈላት እንደ ደመወዝ ነው። በኋላ ዞሮ «ያ ፈቃድሽ ነበር» ማለት አይቻልም።

ባለቤቱ አስቀድመው ፕሮግራም ቢያወጡስ? አሠሪው መዘጊያውንና ፈቃዱን ማገጣጠም ይችላል። አንቀጽ 78 የፈቃድ ፕሮግራሙ በተቻለ መጠን የሠራተኛውን ፍላጎትና የድርጅቱን ሥራ መቀጠል ያገናዘበ እንዲሆን ይጠይቃል። በዓመቱ መጀመሪያ «የዘንድሮ የመምህራን የዓመት ፈቃድ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ነው» ተብሎ በጽሑፍ ቢወጣ፣ መምህራኑም አይተው ቢፈርሙበት፣ አሠሪው የሚቆምበት መሬት አለው። ነገር ግን ፈቃዱ ያልተቆራረጠ መሆን አለበት። አንቀጽ 79 ለሁለት መክፈልን የሚፈቅደው ሠራተኛው ሲጠይቅና አሠሪው ሲስማማ ብቻ ነው። ሦስት ቀን በጳጉሜ፣ ሁለት ቀን በገና ማግስት፣ አራት ቀን በፋሲካ ሳምንት እያሉ 16 ቀኑን መሸራረፍ፣ አስቀድሞ ቢጻፍም እንኳ፣ ሕጉ የሚያውቀው ፈቃድ አይደለም። በተለይ አገሯ ርቆ ያለ ሰው በሦስት ቀን ሽርፍራፊ የትም አትደርስም። የዓመት ፈቃድ ዓላማው ሰው ከሥራው ተላቆ እንዲያርፍ ነውና ይህን ባለቤቱ በቅን ልብ ሊያዩት ይገባል።

ጳጉሜ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የውጭ መምህራን ውል አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ነው፤ ደመወዙም በዚያው ወር መጨረሻ ይከፈላል። ጳጉሜ 1 ማለት ሴፕቴምበር 6 ነው። ስለዚህ በአንዳንድ ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ሰነድ) ላይ እንደሚታየው «ጳጉሜ ደመወዝ የሌለው ወር ነው» ተብሎ አምስቱ ቀን ቢቀነስ፣ የተቀነሰው ከሴፕቴምበር ደመወዝ ላይ ነው። ከደመወዝ ላይ መቀነስ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ውሉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የሒሳብ ሠራተኛችሁ ይወቅ።

አሁን የመምህርቷን 16 ቀን በትክክል እንቁጠር። በሳምንት ስድስት ቀን፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ የምትሠራ ከሆነ ሰኞ ታኅሣሥ 6 ትጀምራለች። እስከ ቅዳሜ ታኅሣሥ 11 ስድስት ቀን፤ ከሰኞ 13 እስከ ቅዳሜ 18 ሌላ ስድስት፤ ከሰኞ 20 እስከ ሐሙስ 23 አራት። በድምሩ 16። ዓርብ ታኅሣሥ 24 ሥራ ላይ ትገኛለች። ታኅሣሥ 16 ዲሴምበር 25 ነው፤ ለእሷ ገና ነው፣ ለኢትዮጵያ ግን የሕዝብ በዓል አይደለም፤ ስለዚህ ከ16ቱ እንደ አንዱ ይቆጠራል። ታኅሣሥ 23 ላይ የሚውለው የፈረንጆች አዲስ ዓመትም እንደዚያው። የውጭ መምህራን ብዙ ጊዜ እነዚህን ሁለት ቀናት «በዓል ነው፣ አይቆጠርብኝም» ብለው ይከራከራሉ፤ ውሉ ላይ በተለይ ካልተሰጣቸው በስተቀር አያዋጣቸውም።

ሰኞ ታኅሣሥ 20 ብትጀምር ደግሞ ቁጥሩ ይለወጣል። የመጀመሪያው ሳምንት ስድስት ቀን ይሰጣል። በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ታኅሣሥ 29 ገና ስለሆነ አምስት ብቻ ነው። ቀሪውን አምስት ከሰኞ ጥር 4 እስከ ዓርብ ጥር 8 ትጨርሳለች፤ ቅዳሜ ጥር 9 ትመለሳለች። ገናን እንደ ፈቃድ ቀን የሚቆጥር አስተዳደር አንድ ቀን ይወስድባታል። ሥራዋ በሳምንት አምስት ቀን ከሆነ ያው 16 ቀን ከታኅሣሥ 6 ተነስቶ ሰኞ ታኅሣሥ 27 ላይ ያልቃል። ቅዳሜና እሑድ አስተምራ ማክሰኞ የምታርፍ ከሆነ የማይቆጠረው ማክሰኞ ነው። ስለዚህ ቆጠራው ሁልጊዜ ከራሷ የክፍል ፕሮግራም ላይ መነሳት አለበት፤ ከጸሐፊዋ ወይም ከጥበቃው የሥራ ሳምንት ላይ አይደለም።

መቼ ትውጣ የሚለው የባለቤቱ ትክክለኛ ጭንቀት ያለበት ቦታ ነው። ቋንቋ ትምህርት ቤት ዋና ገበያው ክረምት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ የመደበኛ ትምህርት ቤት ልጆች ሲፈቱ ክፍሉ ይሞላል፣ መስከረም ላይ ደግሞ አዲስ ምዝገባ አለ። የውጭ መምህራንም ዘመድ የሚያገኙበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይኸው የበጋ ወራቸው ነው። አሠሪው የሥራው ሁኔታ ሲያስገድደው ፈቃዱን ማስተላለፍ ይችላል፤ አንቀጽ 79 ይህን ይፈቅዳል። ነገር ግን የተላለፈ ፈቃድ ከሁለት ዓመት በላይ ሊተላለፍ አይችልም፤ የሚተላለፍበት ምክንያትም እውነተኛ የሥራ ምክንያት መሆን አለበት። «በሐምሌ ወር የምታስተምሪያቸው 4 ክፍሎች አሉ፣ ተተኪ የለም» ምክንያት ነው። «ሌሎቹም ይጠይቁናል» ምክንያት አይደለም። ሲተላለፍም አዲሱ ቀን በደብዳቤው ላይ መጻፍ አለበት። ቀን የሌለው ማስተላለፍ በተግባር መከልከል ነው። የእናንተ መምህርት የጠየቀችው ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ያ ወቅት በሁለት ኮርሶች መካከል የሚወድቅ ከሆነ ባለቤቱ የሚያስተላልፉበት ምክንያት ማግኘታቸው ያስቸግራል።

መምህርቷም መጠንቀቅ ያለባት ነገር አለ። ፈቃድ ሳይሰጣት «መብቴ ነው» ብላ ብትሄድ ከሥራ እንደቀረች ይቆጠራል። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን መቅረት ያለ ማስጠንቀቂያ ለመሰናበት ምክንያት የሚሆንበት ድንጋጌ አለ። በዚያ ላይ የሥራ ፈቃዷ በየዓመቱ የሚታደስና ከተቀጠረችበት ሥራ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሥራዋ ከተቋረጠ የመኖሪያ ፈቃዷም አብሮ ይናጋል። መብት ቢኖራትም የሚያስከብርላት አቤቱታ እንጂ አውሮፕላን አይደለም። ቲኬት ደግሞ የሚቆረጠው ከተፈረመ ደብዳቤ በኋላ ነው። ሕጉ ወጪን በግልጽ የሚያነሳው ሠራተኛው ፈቃድ ላይ ወጥቶ ባልታሰበ ምክንያት ሲጠራ ነው፤ ያኔ አሠሪው የመጓጓዣና የውሎ አበል ይከፍላል። ቦሌ ከመድረሷ በፊት ፈቃዱ ቢተላለፍባት ስለሚቃጠለው ቲኬት ግን ውሉ ላይ ካልተጻፈ ክርክሩ ረጅም ነው። ለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውሉ ላይ ጨምሩ፦ «ፈቃዱ በጽሑፍ ከጸደቀ በኋላ በአሠሪው ምክንያት ቢተላለፍ፣ መምህሩ በደረሰኝ የሚያረጋግጠውን የቲኬት ለውጥ ወጪ አሠሪው ይሸፍናል።»

ፈቃዱን በገንዘብ እንለውጥ የሚል ሐሳብ ከባለቤቱም ከመምህራኑም ይመጣል። ሥራው እየቀጠለ ባለበት ጊዜ የተከለከለ ነው። ፈቃድ በገንዘብ የሚተካው ውሉ ሲቋረጥ ነው።

ይህ ወደ ሁለተኛው መምህር ያመጣናል። «ዓመት አልሞላህም» የሚለው ከአንቀጽ 78 የተወሰደ ግማሽ እውነት ነው። የመጀመሪያው ፈቃድ የሚሰጠው አንድ ዓመት ካገለገለ በኋላ ነው፤ ይህ ግን ፈቃዱን የሚወጣበትን ጊዜ ነው የሚናገረው። አንቀጽ 77 የአገልግሎት ዘመኑ ለሙሉ ፈቃድ የማያበቃው ሠራተኛ ከአገልግሎቱ ጋር ተመጣጣኝ ፈቃድ እንዳለው፣ ውሉ የተቋረጠ ሠራተኛም ላልወሰደው ፈቃድ ክፍያ እንደሚገባው ይደነግጋል። የ10 ወር ውል እያስፈረሙ፣ በየዓመቱ ሁለት ወር እያቋረጡ፣ «ማንም ዓመት አይሞላም» የሚሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። ይህ አሠራር የሰውን ዕረፍት በወረቀት መስረቅ ነው፤ ሕጉም ቢሆን አይቀበለውም። ለአንድ የ10 ወር ውል 16 በ12 ተካፍሎ በ10 ሲባዛ 13.33 የሥራ ቀን ይመጣል፤ ያ የሠራተኛው ነው።

ለዚህ መምህር 8 ወር ነው፤ 16 ሲባዛ በ8፣ ሲካፈል ለ12፣ 10.67 የሥራ ቀን። የቀን ደመወዙን ስናወጣ ብዙ ሒሳብ ሠራተኛ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። የወሩን ደመወዝ ለ30 ያካፍላሉ። 39,000 ለ30 ሲካፈል 1,300 ነው፤ በ10.67 ቀን ወደ 13,867 ብር ይሆናል። ነገር ግን የምንቆጥረው የሥራ ቀን ከሆነ የምናካፍለውም በሥራ ቀን መሆን አለበት። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ሰው በ52 ሳምንት 312፣ በወር 26 የሥራ ቀን አለው። አዋጁም ለፈቃድ ብቁነት 26 የአገልግሎት ቀንን እንደ አንድ ወር ይቆጥራል። 39,000 ለ26 ሲካፈል 1,500፤ በ10.67 ቀን 16,000 ብር። ልዩነቱ ከ2,100 ብር በላይ ነው። ከዚህ ላይ የደመወዝ ገቢ ግብር ይቀነሳል። በሰዓት የሚከፈለው መምህር ቢሆን ኖሮ መነሻው በፈቃዱ ወቅት ቢሠራ ኖሮ ሊያገኝ የነበረው ነው፤ ስለዚህ የጸደቀው የክፍል ፕሮግራሙ ይያዛል። ፕሮግራሙ በየወሩ የሚዋዥቅ ከሆነ የስንት ወር አማካይ እንደሚወሰድ ከወዲሁ ውሉ ላይ ጻፉ።

ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ጥቅምት 30 እሑድ ነበር፤ ስለዚህ ከሰኞ ኅዳር 1 ተቆጥሮ ሰባተኛው ቀን ሰኞ ኅዳር 8 ነው። አሠሪው ከዚያ ካሳለፈ፣ የዘገየው ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት ካልሆነ በስተቀር፣ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ተጨማሪ እንዲከፍል ሊያዝዘው ይችላል። በዚህ ምሳሌ እስከ 117,000 ብር ማለት ነው። 16,000 ብር ለመቆጠብ ይህን ያህል አደጋ መውሰድ ምን እንደሚጠቅም ባለቤቱን በጨዋነት ይጠይቋቸው፤ ብዙ ጊዜ ከአንቀጽ ይልቅ ይህ ቁጥር ይሰማል። ቀነ ገደቡ የሚራዘመው ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የድርጅቱን ንብረት ሳይመልስ ሲዘገይ ነው። ስለዚህ መምህሩ መጽሐፎቹን፣ የክፍል ቁልፉንና ላፕቶፑን በርክክብ ወረቀት አስፈርሞ ያስረክብ።

ለወደፊቱ እርስዎ በእጅዎ ያለው ትልቁ መሣሪያ ለእያንዳንዱ መምህር የሚከፈት አንድ የፈቃድ ካርድ ነው። የተቀጠረበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የሳምንት ዕረፍት ቀኑ፣ የዓመቱ መብት፣ የተወሰደው፣ ቀሪው፣ የመምህሩ ፊርማ። በየወሰደው ቁጥር ይፈረማል። ከዚያ የዓመቱ የኮርስ ካሌንደር መስከረም ላይ ሲወጣ የፈቃድ ፕሮግራሙ አብሮ ይውጣ፤ መምህራኑ ሁለት ሁለት አማራጭ ቀን እንዲያስገቡ ጠይቋቸው። ሁለት መምህር በአንድ ጊዜ አገር ቤት መሄድ ከፈለገ ማን ቅድሚያ እንደሚያገኝ፣ ለምሳሌ ባለፈው ዓመት የተላለፈበት ይቅደም ብላችሁ፣ ደንቡን ጥያቄው ሳይመጣ ጻፉት።

የፈቃድ ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ነገር ግን ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይኑረው። እንዲህ ቢሆን በቂ ነው፦ «ለመምህርት … በ2017 የአገልግሎት ዓመት ከሚገባዎት 16 የሥራ ቀናት ውስጥ 16 የሥራ ቀናት ከሰኞ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 15 ቀን 2025፣ ጀምሮ የተፈቀደልዎት ሲሆን ዓርብ ታኅሣሥ 24፣ ጃንዋሪ 2 ቀን 2026፣ በሥራ ገበታዎ እንዲገኙ። ቀሪ ፈቃድ፦ የለም።» የሚመለሱበት ቀን መጻፉን አትርሱ፤ «ለ16 ቀን» ብቻ የሚል ደብዳቤ ነው ሁለት ሰው ሁለት ቀን እንዲቆጥር የሚያደርገው። በቴሌግራም «እሺ ችግር የለም» መባባል ማስረጃ ሊሆን ቢችልም ለሁለቱም ወገን ደካማ ነው። ከመውጣቷ በፊት የክፍል መቆጣጠሪያውን፣ የደረሰችበትን ምዕራፍና ውጤቱን ለተተኪው ታስረክብ። የሥራ ፈቃዷና የመኖሪያ መታወቂያዋ የሚያበቃበትን ቀንም አብራችሁ እዩ፤ ፈቃድ ላይ እያለች የሚያበቃ ከሆነ እድሳቱ መቅደም አለበት። ፓስፖርቷ ደግሞ በትምህርት ቤቱ ካዝና ውስጥ ተይዞ ከሆነ ዛሬውኑ ይመለስላት። ለፋይል ፎቶ ኮፒ ይበቃል፤ የሰው ፓስፖርት የመመለስ ዋስትና ተደርጎ አይያዝም።

አገሯ ሆና ብትታመም የሕመም ፈቃድ ድንጋጌዎች ይሠራሉ፤ ወዲያው ታሳውቅ፣ የሐኪም ማስረጃም ትያዝ።

በሽምግልና ካልሆነ ጉዳዩ እንዲህ ይሄዳል። መምህሩ ጥያቄውን ከነስሌቱ በጽሑፍ ያቀርባል፤ ሁለት ኮፒ ሆኖ አንዱ ላይ የደረሰበት ቀንና ፊርማ ይወሰዳል። መልስ ከሌለ በከተማው የሠራተኛ ጉዳይ የሚከታተለው ጽሕፈት ቤት ቀርቦ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያየው ማመልከት ይቻላል፤ ብዙ ጉዳይ እዚያ ያልቃል። የፈቃድ ክርክር የግል የሥራ ክርክር ስለሆነ ፍርድ ቤት የሚያየው የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም። አዳማ ላይ የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ክሱም ተያያዥ ሰነዶቹም በዚያ ቋንቋ ስለሚቀርቡ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ውል አስቀድሞ ማስተርጎምና የአስተርጓሚ ጉዳይን ማሰብ ይጠይቃል። ሌላ ልብ የሚባል ነገር፦ አንደኛው ተከራካሪ የውጭ ዜጋ የሆነበት ጉዳይ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ሥር ይጠቀሳል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ለክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በውክልና ሰጥቷል። ተከሳሽ ይህን እንደ መጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ (ዋናው ክርክር ከመሰማቱ በፊት የሚቀርብ ተቃውሞ) ሊያነሳው ስለሚችል፣ ፋይል ከመክፈት በፊት የፍርድ ቤቱን ሬጅስትራርና የሥራ ክርክር የሚያውቅ ጠበቃን መጠየቅ ወራት ያተርፋል።

ወራት ደግሞ እዚህ ውድ ናቸው። ከውል መቋረጥ የሚመነጭ ማናቸውም የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል፤ ለዚህ መምህር ሚያዝያ 30 ቀን 2018 ማለት ነው። ከባለቤቱ ጋር በስልክ መመላለስ ይርጋውን አያቆመውም። የሚያቋርጠው ለሚመለከተው አካል አቤቱታ መቅረቡ፣ ወይም አሠሪው ዕዳውን በግልጽ ማመኑ ነው። አገሩ ከመግባቱ በፊት ለሚያምነው ሰው ወይም ለጠበቃ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ ውክልና ይስጥ፤ ከውጭ አገር ሆኖ ውክልና መላክ በኤምባሲና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥን ስለሚጠይቅ ይጓተታል። የሥራ ልምድ ማስረጃውንም አብሮ ይውሰድ፤ አሠሪው ሲጠየቅ የመስጠት ግዴታ አለበት፣ በገንዘብ ክርክር መያዣ ሊያደርገው አይችልም። ክሊራንሱ ላይ «ምንም ቀሪ ክፍያ የለኝም» የሚል መስመር ካለ ገንዘቡ ባንክ ሳይገባ አይፈርም፤ መፈረም ግድ ከሆነበት ደግሞ ከፊርማው በላይ በእጁ «የ10.67 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ክፍያ አልተከፈለኝም» ብሎ ይጻፍና የዚያን ወረቀት ኮፒ ይያዝ።